በአህያው አንገት የቀረ መርፌ

ይህን ለባለቤቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መንጌ በምትባል የቆላ ወረዳ በተመደብኩ ሰሞን ሐሊማ የምትባል የበርታ ሴት፣ ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ ይዞት የከሳ አህያዋን አመጣች። ባሏ ሞቶባታል፤ ወርቅ የሚታጠብበትን አፈር ከጉድጓድ ወደ ወንዝ የምታደርሰው በዚህ አህያ ነበር። የገበያ ቀን ስለነበር ወረፋው ረጅም ነው። መርፌዬ ጎብጦ ነበር፤ ሌላ በማውጣት ፋንታ በጣቴ አቃናሁት። አህያውንም አላሳሰርኩም። አንገቱን ስወጋው ዘለለ፤ መርፌው ተሰብሮ ሥጋው ውስጥ ቀረ። እኔ አየሁ፣ ሐሊማ አላየችም። ሳልነግራት የሚቀጥለውን ባለወረፋ ጠራሁ።

መድኃኒቱ ገብቶ ስለነበር ገንዲው ለቀቀው። ከወር በኋላ ግን ተመልሳ መጣች።

«ዶክተር፣ አህያ መጥፎ አይደለም። እዚህ ብቻ ስነካ ይነክሳል» አለችኝ አንገቱን እያሳየች።

የተማረ ሰው እንኳ እንዲህ አጥርቶ ነግሮኝ አያውቅም። የእንስሳ ጠባይ ድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ ተብለን ነው የተማርነው። እኔማ ምን እፈልጋለሁ? የት እንዳለ አውቃለሁ። ስዳስሰው እብጠቱ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ጣቴን ነካኝ። ማደንዘዣ ነበረኝ፣ ምላጭ ነበረኝ። ታዲያ ምን ጎደለኝ? «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ።

«ጠባዩ ነው እናቴ፤ ድንጉላ ስለሆነ ነው። ሲኮላሽ ይበርዳል» አልኳት። አምናኝ ያዘችልኝ፤ ኮላሸሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኔ ደግሞ ራሴን ፈርቼ አህያውን።

መንከሱን አልተወም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «አይሆንሽም፣ አስወግጂው» አልኳት። እምቢ አለች፤ ትወደው ነበር። አንድ ጠዋት በአንገቱ ገመድ ስታስገባለት የቀኝ እጇን አውራ ጣት ቆረጠው። ወንድሞቿ አህያውን ነድተው ጫካ ጣሉት፤ ጅብ በላው። ከዚያ ወዲህ አፈሩን ከፊትና ከኋላ በእንጨት አንጠልጥላ የምትሸከመው በትከሻዋ ነው።

ወጣት ነበርኩ ልበል? መርፌ መስበር በወጣትነት ይመካኛል። ሦስት ጊዜ ፊቷ ቆሜ መዋሸቴ ግን በምን ይመካኛል?

ባለፈው ሳምንት ፍየሎቿን ልታስከትብ መጥታ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ያንን አህያ አነሳችብኝ።

«አንተ ነገርከኝ ነበር፣ ዶክተር። እኔ ወደድኩት፣ አልሰማሁም። ወላሂ፣ ጥፋት የኔ ነው» አለች።

ቀና ብዬ አላየኋትም። የሚቀጥለውን ፍየል አቅርቢልኝ አልኳት።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትወቅሰው ራሷን ነው።