ሰይድ ያላያት የመጨረሻዋ ካሴት

አላህ የሸፈነውን ወንጀል ሰው ራሱ አይገልጠውም ይላሉ አዋቂዎቹ። እኔም ሸፍኜ ኖሬያለሁ። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ነገሩ በገዛ ሠርጓ ቀን የሆነባት እህቴ እንኳ እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን ግን እናገራለሁ። እናንተም እንደ ፈለጋችሁ ፍረዱብኝ፤ ከፍርዳችሁ ግን የምቀበለው ግማሹን ብቻ ነው።

ባሌ ሰይድ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቤታችን መርሳ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ መኪናውን ሲጠግንለት ለኖረው ለሰይድ አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ሰጠው። ተከታታይ ፊልም ነው። ምድራቸው የደረቀችባቸው ሰዎች መንደር የምታህል መርከብ ሠርተው፣ ከዋክብት መሃል ውሃ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ሰይድ ወደደው። ከሥራ ሲገባ እጁን ይታጠብና ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ነው።

«ዘሃራ፣ ነይ እስቲ አንዷን ብቻ እይ» ይለኛል።

እኔስ? እኔማ ከጓዳ ሆኜ «የመሬቱን ውሃ ቀድተህ ጨርሰህ ነው ሰማይ የወጣኸው?» እለዋለሁ። ጎረቤት ሲመጣ «ሰይድ የለም፣ ጨረቃ ላይ ነው፤ ሲወርድ እነግረዋለሁ» እያልኩ አስቅበት ነበር። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሲገባ ድምፁን መቀነስ ጀመረ። አየሁት፤ ሲቀንስ አየሁትና አላፈርኩም።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ሰይድ ከአንዷ በቀር ሁሉንም አየ። የመጨረሻዋን ካሴት ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ «እቺን ካንቺ ጋር ነው የማያት» አለኝ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ብዬ አላታልላችሁም።

የእህቴ ሠርግ ቀን ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ቪዲዮ ቀራጩ ካሴት አለቀበት። ከየትም ይምጣ፣ አሮጌም ቢሆን ይሆናል አለ። ቤት ውስጥ ሌላ ካሴት አልነበረም? ሞልቶ! ሰይድ ያያቸው በካርቶን ተደርድረዋል። እኔ ግን እጄን ሰድጄ ያችኑ የቁም ሳጥኗን አወረድኩ። ለምን? በሰማይ ሰዎች ቀናሁ ልበል? ባሌ ለኔ ያልሰጠውን ማታ ማታ ለነሱ ይሰጣል ብዬ ነበር? ምክንያቱን ብትሹ አሥር እደረድርላችኋለሁ፤ አንዱም አያነጻኝም። አውቄ ሰጠሁ። ሰውየው በላይዋ እንዲቀዳባት ጥጓ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ እህቴን ቀረጸባት። ባዶ ሽፋኗን ወደ ቦታዋ መለስኩ።

ከሠርጉ ጥቂት ቆይቶ ሰይድ ሁለቱንም ዓይኑን አጣ። ጋራዥ ውስጥ ባትሪ ፈንድቶ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ። ደሴም አዲስ አበባም ወስደነው ነበር፤ አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ሰው ሲጠይቀው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ልጃችን ሃያት ገና ትንሽ ነበረች፤ አባቷን ትፈራው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት «ካርቶኑን አውጪው። እኔ ልስማ፣ አንቺ እያየሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ያኔ ነው እንግዲህ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያፌዝኩበትን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ያየሁት። በመጀመሪያዎቹ እየተሰላቸሁ «ሰውየው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ» እያልኩ ነው የነገርኩት። ከዚያ የመርከቧ አዛዥ፣ አሮጊት ናት፣ የቀረችውን ውሃ ለሕዝቡ ስታካፍል የራሷን ኩባያ ባዶውን ይዛ እንደ ጠጣች ሰው ከንፈሯን ስትጠርግ አየሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ሰይድ።

እያለቀስኩ ነበር። ይህን ነበር ስንት ዓመት የጠራኝ? ይህን ነበር ያሳቅኩበት? እንግሊዝኛውን እሱ ይሻለኛል፤ ይሰማና ይተረጉምልኛል፣ እኔ አይቼ እነግረዋለሁ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ተመልካች ወጣን። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ግን ካሴቱ አለቀ፤ የመጨረሻዋ ቀረች።

ዋሸሁ። «ማጫወቻው በላት» አልኩት። «አንተ ሥራ እያለህ ብቻዬን ከፍቼ አይቻት ነበር፤ ሳወጣት ክሯ ተበጠሰ።» ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

«ብቻሽን ከፍተሽ አየሽ?» አለ። ደስ አለው! ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ውሃውን አገኙ? አገራቸው ተመለሱ?»

ምን ልበል? አንድ ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለኖረ ሰው ቀሩ ልበለው? መለስኳቸው። ውሃ አስይዤ ምድራቸው ላይ አወረድኳቸው፣ ዝናብ አዘነብኩላቸው፣ አሮጊቷን የልጅ ልጆቿ እጅ እያስያዝኩ አስገባኋት። እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። በሳምንቱ ሰይድ ምርኩዝ አስቆርጦ መስጊድ ሄደ። ከዚያም መርሳ ላይ የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፈተ። እኔም በልቤ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

ሃያት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያን ፊልም አባቷ ሲያወራላት ነው ያደገችው። አንድ የእረፍት ጊዜ የመጨረሻውን ክፍል ከኢንተርኔት አውርዳ በፍላሽ ይዛ መጣች። «አባዬን ላስደስተው» አለችኝ። ፍላሿን ተቀብዬ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኳት። ማጥፋት ይቻላል፤ አጥፍቼም አውቃለሁ። ግን ሰይድ ጋ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠርጉን፣ ፕላስተሩን፣ ዝናቡን።

ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ተመለሱ ስትዪኝ፣ የኔም ዓይን ይመለሳል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ» አለ። «ዓይኔን አምኜ የሰጠሁት ላንቺ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ አዳንኩት ስል እሱ በየሌሊቱ ሲጠብቅ ኖሯል። ለካሴቷ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ላፌዝኩበት ዓመት ሁሉ አፉ በለኝ አልኩት። ስለ ፍጻሜው ግን አላልኩም። ያ ቀን ቢመለስ፣ ያ ፊት እንደገና ወደኔ ዞሮ «ተመለሱ?» ቢለኝ፣ አሁንም እመልሳቸዋለሁ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት።

ማታ ሃያት ፊልሙን ከፈተችው። እኔ በር ጥግ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከአባቷ አጠገብ። ሰዎቹ ውሃውን አገኙ። ግን የላኳቸው የአገራቸው ሰዎች ሁሉ ከሞቱ ዘመን እንዳለፈ ሰሙ። ከዚያ ንግግሩ ቆመ፤ ሙዚቃም የለ፣ ድምፅም የለ። ዝምታው ረዘመ። ሰይድ ጆሮውን ቀና አደረገ። ሃያት ልትነግረው አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላትና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ዘሃራ፣ ምን ይታያል?»

መርከቧን አየኋት። ተመለሰች ብዬ ብነግረው የምታየው ልጄ ብቻ ናት፤ እሷም ባላጋለጠችኝ ነበር።

«እየሄደች ነው» አልኩት። «ወደ ፊት ነው የምትሄደው። አልዞረችም።»

ራሱን ነቀነቀ። እስክትጠፋ ድረስ የሚታየውን ሁሉ ነገርኩት። ይቅር አልኩሽ አላለኝም፤ እኔም ብለኸኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።