ቀን አንድ ክንድ፣ ሌሊት ሦስት ክንድ

ቢሆነኝ የሚለው ስም ግማሹ ስም፣ ግማሹ ምኞት ነው። እናቱ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው አልበረክት ቢሏት፣ “እስቲ ይኸ እንኳ ቢሆነኝ” ብላ አወጣችለት፤ ሆነላትም። ልጁ አደገ፣ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ።

በላሊበላ ድንጋይ ጠራቢ መሆን ቅኔ ማኅሌት ፊት ቆሞ እንደ ማንጎራጎር ነው። ድምፅህ ምንም ቢያምር፣ ሰው ጆሮው ወዲያ ነው። ቢሆነኝ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባል፣ የመቃብር ድንጋይ ይጠርባል፣ የደጅ ደረጃ ይጠርባል። መንገደኛ ቆሞ እጁን ያይና፣ ቀና ብሎ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ይመለከትና፣ “አይ የድሮ ሰው!” ብሎ ይሄዳል። እሱም ለመሮው ይነግረዋል።

መሮዬ ተናገር፣ መዶሻዬ ምታ፣
ድንጋይም ልብ አለው፣ ይራራል ወደ ማታ።

አባቱ ሲሞት ያወረሰው አንድ ቃል ነበር። “ልጄ፣ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ቀን ሰው ሠራ፣ ሌሊት መላእክት ሠሩ። ሰው ቀን አንድ ክንድ አለት ሲገፋ፣ መላእክት ሌሊት ሦስት ክንድ ይገፉ ነበር። ሦስቱ የነሱ ናቸው፣ አንነካባቸውም። አንዷ ግን የኛ ናት።” ሌላው ሰው በርስት ሲኮራ፣ ቢሆነኝ በዚያች ክንድ ይኮራ ነበር። ርስቱን ደርግ ወረሰው፤ ክንዷን ግን ማንም አልወረሳትም፤ እስከ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር ድረስ።

በዚያ ዘመን በቅዳሜ ገበያ አፋፍ ጨው፣ ሳሙናና ክር የምትሸጠው ወይዘሮ ጀውሀራ ራዲዮን ነበራት። ራዲዮኗ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ትጎርሳለች። ድንጋዩ ሲደክም ጀውሀራ ከቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ አንዳንዴ በጥርሷ ነከስ ታደርገዋለች። ቢሆነኝ ይኸን ባየ ቁጥር፣ “እኔ ድንጋይ ብመታው ብመታው አልናገር አለኝ፤ አንቺ ድንጋይ አጉርሰሽ ታስለፈልፊያለሽ” ይላታል።

ረቡዕና ዓርብ፣ አገር ከተኛ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ የሚናገር የአማርኛ ጣቢያ ነበር። ዜናው ሲያልቅ አዝመራው የሚባል አንድ ጎርናና ሰው ይመጣና፣ “ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው” ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የማያወራው ጉድ የለም። ከነተሳፋሪው የጠፋ ባቡር፣ ሞቶ ሳለ መንታው በወንበሩ የተቀመጠ ንጉሥ፣ ሰዎች ተሰብስበው ዝናብን የሚሸሽጉበት ዋሻ። ጀውሀራ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሰማለች፤ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ሰፈሩ ጨው ሊገዛ ይመጣል። ያን ዓመት በላሊበላ ጨው ያልተረፈው ቤት አልነበረም።

ከሁሉ የማይቀሩ ሦስት ነበሩ። አንዱ ቢሆነኝ ነው። ሁለተኛው መሪጌታ አድማሴ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተማሩ ሽማግሌ፣ አዝመራው የተናገረውን ሁሉ “አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው” እያሉ የሚፈቱ። ሦስተኛው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጋሻዬ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። የባሕር ማዶ ጣቢያ መስማት የሚያስጠይቅ ነው፤ እሱ ግን፣ “እኔ የምሰማው ጠላትን ለማወቅ ነው” ይላል። ታዲያ አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ፣ ማግስቱን መጥቶ፣ “ጠላት ትናንት ምን አለ?” ብሎ ይጠይቃል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀውሀራ ፊቷን ከስክሳ ሱቋን ከፈተች።

“ስለኛ አወራ” አለች።

“ስለማን?” አሉ መሪጌታ።

“ስለ ላሊበላ። ወላሂ በስሟ ጠርቶ! እነዚህን ሕንፃዎች የሰው እጅ አልሠራቸውም አለ። የሠሯቸው ከሰማይ የወረዱ ናቸው አለ።”

“ታዲያ ይኸ ምን ጉድ አለው?” አሉ መሪጌታ። “እኛ ስምንት መቶ ዓመት ስናውቀው! ለዚህ ነው ስድስት ድንጋይ የምትጨርሺ?”

“ቆይ እንጂ መሪጌታ። ከኮከብ ነው አሉ የመጡት። በብረት ድስት ተቀምጠው።”

“በምን?”

“በብረት ድስት። ክዳን አለው፤ እየበረረ ያበራል። በዚያ ብርሃን አለቱን እንደ ቅቤ ቆረጡት አለ።”

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው መፍታት ጀመሩ። “አንድም ድስት ያለው ደመናን ነው። አንድም ሠረገላን ነው…”

“አንድም ድስት ነው” አለ ጓድ ጋሻዬ። “ኢምፔሪያሊዝም ከድስት ሌላ ምን ያስባል?”

ቢሆነኝ ከሳቁት መሀል አልነበረም። የገዛው ጨው በመዳፉ እንዳለ ወደ ጀውሀራ ጠጋ አለ።

“ቀንስ?” አላት። “ቀን ማን ሠራ አለ?”

“ኧረ ስለ ቀን ያለው የለም፣ አያ ቢሆነኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይችልም፤ በሌሊት ብቻ ተሠርቶ አደረ ነው ያለ።”

ጨው ከእጁ ፈሰሰ። “ወሰዳት!” አለ። “አንዷን ክንዳችንን ወሰዳት!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ስሜነሽ ምላሷ ስል ነው፤ ለጎረቤት፣ “የኔ ባል ከድስት ተጣልቶ የድስት ነገር አልበላም አለ” ብላ አወራች። እሱ ግን ማታ ማታ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሁሉ ሲያየው የዋለውን ቀይ አለት ያስባል። ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ የቆሰለ መዳፍ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ የነዚያ ሰዎች ፀሐይ። አሁን ደግሞ ባንድ ሰው አፍ፣ ባንድ ሌሊት ጠፋ። “ይታረምልኝ” አለ። ሌላ ነገር አልፈለገም፤ አዝመራው ያችን ክንድ በዚያው አፉ እንዲመልስለት ብቻ።

ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ቢሆነኝ በመሠረተ ትምህርት ፊርማ ላይ እንጂ ደብዳቤ ላይ ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ የሚጽፉት መሪጌታ ሆኑ። ያለ ቀበሌ ማኅተም ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ጸሐፊውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጓድ ጋሻዬም ገባበት። ከጀውሀራ ሱቅ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

መሪጌታ ጻፉና አነበቡ፦ “በቀን አንድ ክንድ የኛ ነው፤ በሌሊት ሦስት ክንድ የቅዱሳን መላእክት ነው።”

“መላእክት ይውጣ” አለ ጓድ ጋሻዬ።

“ወዴት ነው የሚወጣ?”

“ከደብዳቤው። የቀበሌው ማኅተም ከመላእክት ሥር ከተገኘ እኔ ነኝ የምጠየቅ። በምትኩ ‘ሰፊው የላስታ ሕዝብ’ ይባል።”

“እኔ በእጄ መላእክትን ፍቄ ሰፊ ሕዝብ አልተክልም!”

“እንግዲያው ማኅተም የለም።”

“እንግዲያው ቀለም የለም።”

“ጌቶቼ” አለ ቢሆነኝ፣ ለሁለቱም እጅ እየነሳ፣ “እባካችሁ እኔን አስቡኝ። ክንዷ ብቻ ትግባልኝ።”

ተስማሙ። መላእክትም ወጡ፣ ሰፊው ሕዝብም አልገባ። “የኛ” የሚለውንም፣ ጓድ ጋሻዬ “የማን? የግል ንብረት ይመስላል” ብሎ አስወጣው። የቀረው ይኸ ነበር፦ “ስሜ ጠራቢ ቢሆነኝ ይባላል፤ አገሬ ላስታ። ቀን አንድ ክንድ፣ ሌሊት ሦስት ክንድ አለን። ይኸ ይታወቅልን።” ማኅተሙ ክብ ሆኖ አረፈበት። ጀውሀራ፣ “አላህ ያድርሰው” ብላ አሸገችው።

ኅዳር አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾም ገባ። ቢሆነኝ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ማግስቱን ከፀሐይ ቀድሞ ሱቋ ደጃፍ ይቆማል። በመጋቢት አንድ ጠዋት ሱቁ አልተከፈተም። ቢያንኳኳ፣ ጀውሀራ በቀዳዳ አየችው።

“የለሁም” አለችው።

“ጀውሀራ፣ አነበበው?”

“አነበበው።”

“ታዲያ ምን ያስደብቅሻል? ክፈችው እንጂ!”

ከፈተች። ሰው ተሰበሰበ። ጀውሀራ መሬት መሬት እያየች፣ የአዝመራውን ጎርናና ድምፅ እንደ ምንም አስመስላ ተናገረች፦

“‘አድማጮቼ፣ ልባችሁን ያዙ። ከላስታ ተራሮች ደብዳቤ ደርሶኛል። ቢሆነኝ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። ይኸ ሰው ቀን አንድ ክንድ ብቻ ነው ያለው። ሲመሽ ሦስት ይሆንለታል! እሱ ብቻም አይደለም፤ “አለን” ነው የሚለው፤ ዘር ማንዘራቸው እንዲህ ነው። እኔ አላልኩም፤ ደብዳቤው በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠ ነው!’”

ሁሉም ቀስ ብሎ የቢሆነኝን ሁለት እጆች ተመለከተ። ቢሆነኝም ራሱ ተመለከታቸው።

“መላእክቱን ብትተዋቸው ኖሮ!” አሉ መሪጌታ ወደ ጓድ ጋሻዬ ዞረው።

“ሕዝቡን ቢያስገቡት ኖሮ!” አለ ጓድ ጋሻዬ።

በሳምንቱ ገበያ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ደረሰ። ሸክም ያወረደ ሁሉ እያጨበጨበ፦

ቀን ባንድ ክንድ ጠርቦ፣ ሌት በሦስት ያደረ፣
እንዲህ ያለ ጉደኛ በማን አገር ነበረ?

ከወገል ጤና ድረስ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ደጁ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጅ ሲያዩ ቅር አላላቸውም፤ “ግድ የለም፣ እስኪመሽ እንጠብቃለን” አሉ። አንዲት ሴት ስሜነሽን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ “እቴ፣ ሦስተኛው ከየት በኩል ነው የሚበቅል?” ብላ ጠየቀቻት። ስሜነሽ ወገቧን ይዛ መለሰች፦

የሰው ባል በሁለት ክንድ ሚስቱን አቅፎ ያድራል፣
የኔው ባለ ሦስቱ ከድንጋይ ይማከራል።

ቢሆነኝ ይኸን ሰምቶ ተነሣ፤ ገበያው መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። “ስሙኝ! የመጪው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በነዚሁ በሁለቱ እጆቼ፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው አለት አንድ ክንድ እገፋለሁ። የሰው ልጅ ቀን ምን እንደሚሠራ መጥታችሁ እዩ። ለዚያ ሰውዬም ጻፉለት።”

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጀመረ። ወርዱ ሁለት ስንዝር፣ ቁመቱ ሁለት ስንዝር የሆነ መስኮት በአለቱ ላይ አሰመረና ወደ ውስጥ ይገፋ ገባ። እስከ ረፋድ መሮው ዘፈነ። ቀትር ላይ መሮው ዝም አለ፣ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ። ሕዝቡ ጥላ ይዞ ተቀምጧል፤ ስሜነሽ ውኃ ታቀብላለች፣ ትቀልዳለች፣ ዘወር ስትል ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ቢሆነኝ መዶሻውን አስቀመጠ። መዳፉ እንደ አለቱ ቀልቶ ነበር።

ጓድ ጋሻዬ ሊለካ እጅጌውን ሰበሰበ። ለአውራጃው፣ “በዕቅዱ መሠረት አንድ ክንድ ይገፋል” ብሎ አስቀድሞ ልኳል። አጭር ክንዱን ከጉድጓዱ ከተተ። ጣቶቹ ከአለቱ ሲጋጩ ክርኑ ገና ውጭ ነበር። ጣቶቹን አጠፋቸው።

“ሞልቷል!” አለ።

“ምን ማለትህ ነው?” አሉ መሪጌታ። “ክንድ እኮ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው!”

“ያ የፊውዳል ክንድ ነው። የአብዮቱ ክንድ እስከ አንጓ ነው።”

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግን በልቡ እንዲሆንለት የፈለገ ነበር የሚበዛው። መሪጌታም የቢሆነኝን መዳፍ አዩና ድምፃቸው ለዘበ። “መቼም… አንድም ክንድ ያለው ኃይልን ነው። ኃይሉንማ አሳየ። ይሁንለት።”

“ይሁንለት! ይሁንለት!” አለ ሕዝቡ።

ከቢሆነኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቀው። “አዎ” ቢል ክንዷ የሱ ናት፤ በማኅተም ትሄዳለች፣ በራዲዮን ትመለሳለች። ቢሆነኝ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ለካ። አንድ ስንዝር። ከዚያ ጣቶቹን ጠጋ ጠጋ አድርጎ አስቀመጠ።

“ስንዝር ከሁለት ጣት” አለ። “ይኸን ጻፉ።”

“አያ ቢሆነኝ፣ ኧረ ተው!” አለች ጀውሀራ። “ስንዝርማ ማን በራዲዮን ያነባል?”

“አያንብብ። እነዚያ የድሮ ሰዎች ብዙ ሆነው ነው ቀን ክንድ የሞሉት፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ያንድ ሰው ቀን ስንዝር ከሁለት ጣት ናት፤ ዛሬ አወቅኋት። የሐሰት ክንድ ብጨምርላቸው፣ የነሱም ሐሰት ትመስላለች።”

ጓድ ጋሻዬ የያዘውን ወረቀት አጠፈና ኪሱ ከተተ። የወገል ጤና ሰዎች፣ “እስኪመሽ ጠብቀን ስንዝር አየን” እያሉ ወረዱ። መሪጌታ ብቻ ቀርተው የቢሆነኝን መዳፍ ሳሙትና ምንም ሳይተረጉሙ ሄዱ።

እሑድ አረፈ። ሰኞ ማንም ሳያየው ያንኑ መስኮት ይገፋ ገባ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስሜነሽ ውኃ ይዛ መጣች፤ እንስራውን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ከአለቱ ውስጥ ከተተች። መሀል ጣቷ የመጨረሻውን ድንጋይ ነካ።

“ሞልቷል” አለችው።

“በማን ክንድ?”

“በኔ።”

“በኔስ?”

ስሜነሽ ክንዱን ከክንዷ አስተያይታ ሳቀች። “ባንተማ ገና አንድ ጣት ይቀረዋል።”

ቢሆነኝ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከተራራው በላይ ነበረች።

“ገና ቀን ነው” አለና መሮውን አነሣ።