«ልጁን አባቱ ወሰደው»

ይህ ነገር የገጠመኝ ልጄ ሐያት መራመድ በጀመረችበት፣ አፏን ልትፈታ ስትል በነበረበት ሰሞን ነው። እንደ ትልቅ አደጋ የሚወራ አይደለም፤ ማንም አልተጎዳም፣ የጠፋም ሰው የለም። ግን አስፋልቱ ላይ የአይሱዙ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር ያ ከሰዓት ይመጣብኛል።

የደሴ ልጅ ነኝ። ዲላ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላብራቶሪ እሠራለሁ። ባለቤቴ ጀማል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞያሌና ያቤሎ መሀል ሲመላለስ ይከርማል። በዲላ የሚያልፈው ወደ አዲስ አበባ ጭነት ሲያገኝ ብቻ ነው።

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ጭንቅ ያዘኝ። እናቴ አጠገቤ ብትሆን ሐያትን አዝላ ትውልልኝ ነበር፤ የሕፃናት ማቆያ ደጃፍም አልረግጥም። ሠራተኛ ቀጥሬ ሞከርኩ፣ ሳትለምደን ጥላን ሄደች። ከዚያ በኋላ እንደ ጫማ ገዢ ዋጋ ሳማርጥ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ የተሳለበትን ነው። ንጹሕ ነው፣ አልጋዎቹ ያምራሉ። ክፍያው ግን የደሞዜን ግማሽ ይወስዳል፤ መመዝገቢያ ለብቻ፣ አርፍዶ ለወሰደ ቅጣት፣ ወተትና ዳይፐር ከወላጅ። በዚያ ላይ ለሕፃን ጭማሪ አለው። «ለምን?» አልኳት ኃላፊዋን። «ትንንሾቹ ከእጅ አይወርዱማ» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ገበያው አጠገብ ነው። ዋጋው ደህና ነበር። ግን አንዲት ሞግዚት ሁለት ሕፃናት አቅፋ፣ ሦስተኛው እግሯ ሥር ሲያለቅስ ሳይ ከበሩ ተመለስኩ።

ሦስተኛዋ እትዬ ታደለች ናቸው። ማቆያ የሚል ጽሑፍ የላቸውም፤ የሠራተኛ ልጆች ቤታቸው ይቀበላሉ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ እንሰትና አቮካዶ የሞላበት ግቢ ውስጥ ነው።

«ስሙ ማን ነው?» አሉኝ ሐያትን ከእጄ እየተቀበሉ።

«ሐያት። ሴት ናት።»

«አዎ፣ ሴት ነው። ቆንጆ ነው።»

ሳቄ መጣ። እትዬ ታደለች አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው። አማርኛቸው ላይ ሴት የለችም ማለት ይቻላል። እኔ ስመጣ «እናቱ መጣ» ነኝ፤ ፍስሐ ገነት ከተማ ያለችው ልጃቸው ደግሞ «አገባ»። ልጄ አማርኛዋ ተበላሽቶ ልታድግ ነው ብዬ ሰጋሁ። ዋጋቸው ግን ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያስመረጠኝ እሱ ነው።

እየዋልን እያደርን ስንሄድ ወደድኳቸው። የጀማልን ሥራ ነግሬያቸው ስለነበር መኪና ጡሩንባ በነፋ ቁጥር «አባቱ መጣ! ሐያት፣ አባቱ መጣ!» ይሏታል። እሷም እየተንገዳገደች ወደ አጥሩ በር ትሮጣለች። እውነት ለመናገር ይህ ደስ አይለኝም ነበር። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። ያልመጣን ሰው መጣ ማለት ምን ይሉታል?

በዚያ ሰሞን የአንድ ባጃጅ ሾፌር ልጅ፣ ናቲም፣ እሳቸው ጋ መዋል ጀመረ። አባቱ ተራ የሚጠብቀው መናኸሪያው በር ላይ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝበት መጥቶ ልጁን ይወስደዋል።

ያን ዕለት ከምሳ ስመለስ እትዬ ታደለች ደወሉ።

«ልጁን አባቱ ወሰደው» አሉኝ። «መናኸሪያ ነው።»

«ጥሩ አደረገ» አልኩ፣ ናቲን ማለታቸው መስሎኝ። ቀጥለው የሆነ ነገር ሲሉ ኔትወርኩ ተቆረጠ። እኔን ምን አገባኝ ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ እትዬ ታደለች የጎረቤት ዶሮ ውሎ ሳይቀር ደውለው የሚነግሩኝ ሰው ናቸው። ስቄ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ማምሻውን ሐያትን ልወስድ ስሄድ ናቲ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሙዝ ይበላል።

«ሐያትስ?»

«ነገርኩ እኮ። አባቱ ወሰደው።»

«የማን አባት?»

«የሐያት ነዋ!»

የጀማል ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነበር፤ እኔ የማውቀው ያቤሎ መሆኑን ነው። እሳቸው ደግሞ በአካል አይተውት አያውቁም። «ለማታውቂው ሰው ልጄን አሳልፈሽ ትሰጫለሽ?» ብዬ ጮኽኩ። አንቱ የምላቸውን ሰው አንቺ ማለቴ የታወቀኝ ኋላ ነው።

«ልጁ አወቀው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጡሩንባ ሰማ፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቀፈ። ፊቱም የሐያት ፊት ነው። እኔ ምን ልበል?»

ባጃጅ አስቁሜ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያልኩ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። አይሱዙው ጥግ ይዞ ቆሟል። ሐያት ጋቢናው ውስጥ አባቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጀማል ግራ ገባው።

«ምነው ቀረሽ?» አለኝ። «ስልኬ መንገድ ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ ቤታቸውን በነገርሽኝ ምልክት አገኘሁት። መናኸሪያ እጠብቃታለሁ ንገሩልኝ ብዬ እትዬ ሲደውሉልሽ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ‹ጥሩ አደረገ› ማለትሽን ሲነግሩኝ፣ አሁን ትመጣለች ብዬ…»

ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ነበር። «ወሰዳት» ቢሉኝ ኖሮ አስፈቅጄ እበር ነበር። ሦስታችን ቤታችን ገብተን፣ ሸሚዙን አጥቤለት፣ ሐያት አልጋው ላይ ስትንከባለል አብረን እያየን እንውል ነበር። ያን ሁሉ አንዲት ፊደል በላችው። አሁን የጭነቱ ባለቤት በሩ ጋ ቆሞ «እንሂድ እንጂ!» ይላል። ሻይ አዘዝን፣ ሳንጠጣው ተነሳን። ትከሻው ላይ ትንሽ ተደገፍኩ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ሐያት ኮሌታውን አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

መኪናው አስፋልቱን ሲይዝ ጀማል ጡሩንባውን ነፋልን። ሐያት እጇን ወደ መንገዱ ዘርግታ «አባቱ መጣ» አለች። ሌላ ቃል አታውቅም።

በማግስቱ እትዬ ታደለችን ይቅርታ ለመንኳቸው። «እናት ነው፤ ይጮኻል» ብለው አቀፉኝ።

ዛሬ ሐያት አድጋለች። እትዬ ታደለች ልጃቸው «ወለደ» ብለው ሊያርሷት ፍስሐ ገነት ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ሐያትን ዝሆንና ቀጭኔ ያለበት ጋ አስገባኋት፤ የደሞዜ ግማሽ እዚያ ይሄዳል። ደህና አድርገው ይዘውልኛል፣ አማርኛዋም ቀጥ ብሏል። ጀማል አሁንም መንገድ ላይ ነው።

በቀደም ልብስ ሳጣጥፍ ጡሩንባ ተነፋ። ሳላስበው «ሐያት፣ አባቱ መጣ!» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «‹አባቱ› አይባልም እማ። ‹አባትሽ› ነው የሚባለው» አለችኝ፣ ከአሻንጉሊቷ ጋር ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።

ናፍቀውኛል፤ እሳቸውም፣ እሱም። ልብሱን አስቀምጬ ወደ በሩ የሄድኩት እኔ ነኝ።