ፍራተርኒቲ ቤት ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። አገር ቤት እያለሁም ውሻ ያለበትን መንደር ዞሬ ነበር የማልፈው። ልጅ ከወለድሁ ወዲህ ግን ፍርሃቴ ሁሉ ተጠራቅሞ እሱ ላይ አረፈ።

ልጄ እዚሁ ላስ ቬጋስ ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍራተርኒቲ የሚባል የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ልግባ አለኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ማኅበር ሲባል እኔ የማውቀው ወር ጠብቆ በተራ መደገስና የታመመ መጠየቅ ነው። እናቱም እኔም ሺፍት ላይ ስለምንውል ብቻውን ነው ያደገው፤ ወንድም ያግኝ አልሁ።

ከዚያ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ይዞ መጣ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ማኅበሩን የመሠረቱትን ተማሪዎች ስም ከነትውልድ ከተማቸው በቃሉ ያጠናል፤ ሻወር ውስጥ ሳይቀር ያነበንባል። የራሱን ቅድመ አያት ስም የማያውቅ ልጅ። እሺ፣ ይሁን አልሁ። ቀጥሎ ማኅበርተኞቹ አብረው የሚኖሩበት ቤት እያደረ ስልክ ማንሳት ተወ። ቀጥሎ ደግሞ እናቱ ሸሚዝ ሲቀይር ድንገት ገብታ ጀርባው በልዞ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልሁት።

«ምንም አይደል፣ አባዬ። ወደቅኩ።»

«በጀርባህ?»

«ሲክሬት ነው፣ አይነገርም። ፕሮሚስ አድርጌያለሁ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻው ፈተና ነው፣ ከዚያ ያልቃል።»

ከዚያ ስለ እነዚህ ማኅበራት ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመርሁ፤ ምነው ባላነበብሁ። አዲስ ገቢውን ራሱን እስኪስት መጠጥ የሚግቱ አሉ። ዓይኑን ሸፍነው በረሃ ላይ ጥለውት የሚመለሱ አሉ። እኛ የምንኖረው ከተማው ዳር፣ ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ነው፤ የመጨረሻው አጥር ካለቀ ወዲያ ጠጠርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ያንን ሜዳ በዓይኔ እፈትሽ ጀመር።

ፖሊስ ብጠራ ልጄንም አብሬ የማስከስሰው መሰለኝ። ራሴ ብሄድ ደግሞ ተቆጥቼ ነገር አበላሻለሁ። ስለዚህ አባቴ ቢሆን የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ናቸው፤ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንድ የወሎ ሰው የሆኑ ሐጂ፣ አንድ ደግሞ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው መኪናዬ ውስጥ ገቡ።

«እንግሊዝኛው ለእርስዎ ይቀላል፣ ጋሼ፤ እርስዎ ይናገሩ» አልኋቸው አስተማሪውን። «ልጁን ልቀቁልን ብቻ ይበሉ።»

«ስንቱን ትዳር አስታርቀናል፤ ይቺ ምን አላት» አሉኝ።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እነሱ የተማሪዎቹን ቤት በር ሲያንኳኩ እኔ ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ኤሲው እየነፈሰ ሸሚዜ በላብ ራሰ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ልጄ ብቻውን ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

«ሰዎች ልከሃል» አለ።

«ፈርቼ ነው።»

«የማኅበሩ ልጆች ሁሉም ሊቪንግ ሩም ውስጥ ነበሩ፣ አባዬ። ሁሉም። ጋሼ ልጃችንን መልሱልን ብለው ሊንበረከኩ ነበር።»

«ምን አሏቸው?»

«የስ ሰር አሉ። ውሃ ሰጧቸው። ኩሽና ገብተው ደግሞ ይስቃሉ።»

«ይሳቁ። ቤታችን እንሂድ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ኩዊት አድርጌ ልወጣ ነበር» አለ። «ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በጣም ፈርቼ። ለፕሬዚዳንታቸው ልነግረው ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩት ሽማግሌዎቹ በር መቱ።»

«ታዲያ አሁን ንገረው።»

«አሁን? አሁን ብወጣ እኔ ሽማግሌ መጥቶ የወሰደው ልጅ ነኝ። እስክመረቅ ድረስ። አሁን የግድ ዓርብም መሄድ አለብኝ።»

እጁን ያዝሁት። አትሂድ፣ በእናትህ፣ አልሁት። አባት ልጁን እንዲህ ይለምናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጁ ላይ አላቀቃቸውና ወረደ።

በሩ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተገናኙ። ጎንበስ ብሎ አሳለፋቸውና ገባ። እነሱ ፈገግ እንዳሉ መጡ፤ ጋሼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክራቫታቸውን አላሉ።

«ጨዋ ልጆች ናቸው» አሉኝ። «የመሥራቾቻቸውን ፎቶ ሳይቀር አሳዩን፤ ሁሉም እንደኛ ክራቫት ያሰሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ማኅበር ክፉ አይወጣውም። ቃል ገብተውልናል፣ በል ተመስገን በል።»

«ተመስገን» አልሁና መኪናውን አስነሳሁ። ለዚያ ለመጨረሻው ዓርብ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።