ጧሪ ከቀባሪ ይቀድማል

አረጋዊው ልብስ ሰፊ፣ በሰው ካፖርት ላይ አንዲት ቁልፍ ከቦታዋ ዝንፍ ብትል እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ነበሩ። ዘንድሮ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሾለኩ ቀርቶ የገዛ ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቃታቸው። በቅርቡም መታጠቢያ ቤት ወደቁና ጎረቤት ደርሶ አነሳቸው።

ይህን ለማንም ሳይናገሩ ሁለት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ስለ እርጅናዬ እንመካከር» አሉ። አንዳቸው «እኔ ጋ ይምጡ» እንዲላቸው ተመኝተዋል፤ ለመለመን ግን አንደበታቸው እንቢ አለ።

ሾፌሩ ልጃቸው ሻይ ቀዳላቸው፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላው። የሰው ሕመምተኛ ስታነሳ የምትውለው ነርሷ ልጃቸው ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አይጨነቁ፤ ሁሉን ጨርሰናል» አለ ልጅዬው።

የአባት ልብ ሞቀ። «ምኑን ጨረሳችሁት?»

«ቦታውን ነዋ። ከእማማ ጎን፣ ዛፉ ሥር።»

«የምን ቦታ?»

«የመቃብሩን» አለች ነርሷ። «የቀረን ድንጋዩ ነው። እኔ እብነ በረድ ይሁን እላለሁ።»

«ፀሐይ ይሰነጥቀዋል ብላት አትሰማም።»

«አንተ ድንጋይ የምታውቀው ጎማህን ሲበሳው ነው።»

ተሳሳቁ። አዛውንቱ ክው አሉ፤ በቁማቸው የተገነዙ መሰላቸው። ብርጭቆውን ሊያነሱ ሲሞክሩ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ተንቦጫረቀ።

«ሰው ሲመርቀኝ ‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ› ይለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቀባሪዎቼን አየሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጧሪዬስ የት አለ?»

ምርቃቱ ጧሪን ያስቀደመው ለአፍ ስለሚጥም አይደለም፤ በሕይወት ያልደገፉትን ሰው በድንጋይ ማክበር ዕዳን ለሙት መክፈል ነውና።

«እርስዎ እኮ ጠንካራ ነዎት፤ ምን ጎደለብዎት?» አለ ሾፌሩ።

«ሸሚዜን እዩት።»

ከገቡ ጀምሮ ፊት ለፊታቸው የነበረውን ያን ጊዜ አዩት። ቁልፎቹ አንዳንድ ቀዳዳ ዘለው ተቆልፈዋል፤ አንገትጌው ተንጋዷል።

«መታጠቢያ ቤት ስወድቅም ያነሳኝ ጎረቤት ነው።»

የነርሷ ፊት ዐመድ መሰለ። ብድግ ብላ እጇን ወደ ሸሚዙ ሰደደች፤ አባቷ በግራ እጃቸው ገታ አደረጓት።

«የዛሬውን ተዪው፣ ልጄ። የነገውን ማን ይቆልፈዋል?»

ነርሷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።