ለአታካና ያስቀመጥኩት ቅቤ

ሳሎን ስገባ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። ነገ ዘመን መለወጫችን ያሆዴ ነው፤ የበዓሉን ምግብ አታካና የምሠራበትን፣ ከቡላውና ከወተቱ ጋር የሚገባውን ቅቤ የአራት ዓመቱ ልጄ ሶፋ ላይ በደረደራቸው አሻንጉሊቶች አናት ላይ ይለጥፋል። ሪሞቱን እንኳ አልማረውም።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እንደ አያቴ እየመረቅኳቸው ነዋ!»

ልጮህበት አፌን ስከፍት ሽታው ወዳደግኩበት ጊምቢቹ ወሰደኝ። ልጅ ሆነን፣ በያሆዴ ዋዜማ፣ ታናሽ ወንድሜ የእናታችንን ቅቤ ጥጃዋ አናት ላይ ጨረሰው። እናቴ ስንት ወር ያጠራቀመችውን ቅቤ ጥጃዋ ላይ ስታየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በየበዓሉ አናታችንን ቅቤ እየቀባች የምትመርቀን የአባቴ እናት ግን ሻሿን ፈታ ለወንድሜ አጎነበሰችለት።

«ና፣ እኔንም ቀባኝ። እኔን የሚመርቀኝ ማን ቀረ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያበላሿቸው!» ብላ እናቴ በሩን በርግዳ ወጣች።

ያኔ እናቴ ቅቤ ለሚባል ነገር ማልቀሷ ይገርመኝ ነበር። ዛሬ ግን እኔም ለማልቀስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ገበያው ተበትኗል፣ እንግዳ ጠርቻለሁ፣ ልጄ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ከሰው ሁሉ እሷ ትረዳኛለች ብዬ ለእናቴ፣ አሁን ልጄን ቅቤ እየቀባች ለምትመርቀው አያቱ፣ ደወልኩላት። ስለ ሪሞቱ ሳይቀር ነገርኳት።

እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሁሉንም ጨረሰው?»

«ትንሽ ቀርታለች፤ ለአታካና ግን አትበቃም።»

«እሷን አትንኪያት» አለችኝ። «ጠዋት እመጣለሁ። እኔንም እኮ የሚመርቀኝ አልቀረም።»