በክቱን የከፈትኩበት ምላጭ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የፈንግል ክትባት በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ሞጣ ያለው ቤቴ መጣች። ዶሮዎቼን አንድ በአንድ እያቀፈች ዓይናቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ ጣል ስታደርግባቸው፣ እነሱ ደግሞ እንደተሰደበ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ለትልም ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

«አይ፣ ትል ሌላ፣ ፈንግል ሌላ» አለች ልጅቷ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ይህችን ለማወቅ እኔ የሰው ዶሮ አስፈጅቻለሁ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገና አልተጋመሰም። መንገዱ አቧራ፣ ምሳው ሽሮ፣ እራቱም ያው ሽሮ። ቢቸና የሚኖረው አጎቴ ለፋሲካ ብሎ ከገበያ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን። እግሩ ታስሮ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተጋድሞ ደረሰ። ሦስት ቀን ግቢውን እንደ ጭቃ ሹም ሲንጎራደድበት ከረመ። በአራተኛው ቀን ላባውን ነፍቶ ቆመ፤ በስድስተኛው ጠዋት አጥር ሥር ሞቶ አገኘነው። አምስቱ ሴት ዶሮዎቻችንም ያንቀላፉ ጀመር።

«ፈንግል ነው» አለች እናቴ። ፈንግል በእኛ አገር አንድ ቤት ከገባ የሰፈሩን ቆጥ ሁሉ ባዶ የሚያስቀር የዶሮ በሽታ ነው።

«በምን አወቅሽ?»

«ይኸው ሞተ አይደል!»

ይህ መልስ አናደደኝ። በዚያ ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ አንጀት ትሎች አስተምሮን ስለነበር፣ ያየሁት ፍጡር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ እጓጓ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አውራ ዶሮው በመሞቱ ካዘንኩት ይልቅ ሆዱን የማይበት ቀን በመምጣቱ የተደሰትኩት ይበልጣል። ቢላ ስጠይቃት እናቴ አማተበች።

«በክት በቢላዬ? ከዚያ በኋላ በምን ሽንኩርት ልከትፍ ነው? አንች ልጅ፣ ጤናም የለሽ!»

ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ አይበላም፣ የነካው ዕቃም ወደ ማድቤት አይመለስም። እኔ ግን መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ አጥር ወደምንጋራቸው ወደ እትዬ ዘይነባ ቢላ ልዋስ ሮጥኩ። እትዬ ዘይነባ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የደረሰች ልጃቸው ሶፊያ እሳቸው ቤት ነበረች። ለአራስ ቤቷ ብለው ስምንት ዶሮ ጥሬ እያበሉ ያደልቡ ነበር።

«ያረቢ! እኛስ ብንሆን ጥንብ እንነካለን እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። በሌላው በሌላው ብንለያይም፣ በዚህ ነገር ሁለቱ ቤት አንድ ሃይማኖት ነበር።

በመጨረሻ ከሱቅ ምላጭ ገዛሁ። ምላጭ ተሠርቶበት ይጣላል፤ የማንንም ማድቤት አያረክስም። ከቤታችን ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ሆዱን ከፈትኩት። ሽታው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንጀቱን ስሰነጥቀው እንደ ተቀቀለ ፓስታ የተጠላለፉ ነጫጭ ትሎች ተዘረገፉ። እንደዚያ ቀን በደስታ የጮህኩበት ጊዜ ብዙ የለም።

እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምን አገኘሽ?»

«ትል! ሞልቶታል! ፈንግል አይደለም እትዬ፣ የገደለው ትል ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ? እኔ እኮ እስኪያልፍ ድረስ ነገ በጠዋት ከከተማ ውጭ ወንድሜ ቤት ላሸሻቸው ነበር። ለሶፊያ የያዝኩት እነሱን ነው።»

«በዓይኔ አየሁት እኮ! የትም አይውሰዷቸው። መድኃኒቱን እኔ አመጣልዎታለሁ።»

የተማረ ሰው ተናገረ ብለው ተዉት። ከእንስሳት ክሊኒክ የትል መድኃኒት አምጥቼ ለሁለቱም ቤት ዶሮዎች በውኃ በጠበጥኩ። በማግስቱ ኩሳቸው ውስጥ ትል ታየ፤ እናቴ እንኳ «ይህች ልጅ ሐኪም ሳትሆን አትቀርም» ብላ ለጎረቤት አወራች። ሁለት ቀን ሙሉ ከአውራ ዶሮው ባልተናነሰ ተንጎራደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ከእትዬ ዘይነባ ዶሮዎች አንዷ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዘዘ። ሌላዋ አረንጓዴ ኩስ ጣለች። በሳምንቱ የእኛም አምስቱ፣ የእሳቸውም ስምንቱ አለቁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው የመጣው የመጨረሻዋ ስታጣጥር ነበር። አየት አድርጎ «ፈንግል ነው» አለ። ስለ ትሉ ነገርኩት፤ ለመከራከር ያህል ነው። አልተቆጣኝም።

«የጓሮ ዶሮ ሁሉ ትል አያጣውም» አለ። «ከጨጓራው በላይ ያለውን ከፍተሽ አይተሻል? ፈንግል ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ደም ደም ያለ ነጠብጣብ ይተዋል።»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

መልሱን አውቀው ነበር። ትሉን ካገኘሁ በኋላ የቀረውን ለማየት አልፈለግኩም ነበር። የምፈልገውን አግኝቻለሁና ምላጩን ጣልኩ።

ሶፊያ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ወለደች። የእኛም የእነሱም ቆጥ ባዶ ነው። እናቴ በጾሙ ቅቤ አነጠረች፤ ቅመሙን ሳትቀምስ በግምት መጥና ገንፎ ሠራችና «ይዘሽ ሂጂ፤ አይተሽ ነይ» አለችኝ። ከዚያች አጥር ማዶ ለመድረስ እንደዚያ ቀን ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። አፈርኩ፤ ፈራሁም። እትዬ ዘይነባ ሳህኑን ተቀበሉኝ። «ይቅር ይበሉኝ» ስላቸው ወደ ጎናቸው ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ።

«ያየሽውን ነገርሽኝ፤ አልዋሸሽም» አሉ። «ያላየሽው እንዳለ ብቻ አልነገርሽኝም።»

ያን ጊዜ ይህ ከስድብ በላይ አመመኝ። ኋላ እኔም የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ፤ ስንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከመጽሐፍ አላገኘሁም። ዶሮዎቹን ቢያሸሿቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ አሁንም እጠይቃለሁ። ምናልባት በሽታው አስቀድሞ ይዟቸው ነበር ይሆናል። እትዬ ዘይነባ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዛሬ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የማውቀውን ከተናገርኩ በኋላ «ያላየሁት ግን አለ» እላለሁ። አንዳንዱ እርጅና ያመጣው ጥርጣሬ ይመስለዋል። እኔ ግን በልቤ ለእሳቸው እየመለስኩላቸው ነው።